አራት ቁጥር

ከዳዬ ነው የመጣው፣ ቡና በጫነ አይሱዙ ጀርባ፣
አንድ ፌስታል፣ አንድ ታኬታ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ በር ገባ።
ላቀው ነው የመለመለው፣ በወረዳ ውድድር፣ ጭቃ ሜዳ ላይ፤
ኳስ ሲነጥቅ አይደለም የወደደው፣ ነጥቆ ሲያበቃ ቀና ብሎ ሲያይ።
(እኔስ አራት ዓመት ሙሉ፣ ነጥቄ ሳበቃ ወዴት ነበር የማየው?
ወደ ላቀው።)

ስሙ ሌዳሞ ነው። ቁመቱ የጎሉን አግዳሚ ሊነካ፣
ዕድሜው አሥራ ስምንት፣ ጉልበቱ እንደወጣ ከፋብሪካ።
የኔን ጉልበት ተዉት፤
ዝናብ እንደሚጥል፣ ከሬዲዮው ቀድሞ ሲነግረኝ ሰማሁት።

ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር እዚሁ ሀዋሳ ነው፤ ለኋላ መስመር የሚፈለገው ስድስት፣
የመጣነው አሥራ ሰባት።
ለአጥቂ ዘፈን አለው፣ ለበረኛም ጓንት፤
ለተከላካይ ያለው ስህተቱ ናት፣ እሷኑ ሲያወሩለት ሳምንት።

ማደሪያ ሲታደል፣ እንደ ቀልድ፣ እንደ ግፍ፣
አልጋው ከአልጋዬ በላይ ሆነ፣ ከጣሪያው ጫፍ።
ሌሊት ሲገላበጥ ብረቱ ይጮኻል፤
ከታች ለተኛሁት፣ ቦታዬ ዕቃዋን ጠቅልላ ስትወጣ ይመስላል።
እናቱ የላከችለትን ቆጮ፣ በኮባ ተጠቅልሎ፣
አካፈለኝ። ጠላት እንዲህ ነው ወይ? አልኩ፣ እየጎረስኩ ቶሎ ቶሎ።

ጠዋት ሩጫ ነው፤ ከአሞራ ገደል እስከ ፍቅር ሐይቅ ድረስ።
አባ ኮዳዎቹ ካፖርት እንደለበሰ ዳኛ ቆመዋል፣ የዓሣው አንጀት እስኪደርስ።
አሥራ ሰባት ሆነን በፊታቸው ስናልፍ
ቆጠሩን መሰለኝ፤ አንዱ ክንፉን ዘርግቶ መልሶ አጠፈው፣ እንዳለቀ መጽሐፍ።

እውነቱን ልናገር። ላስተምረው ታዝዤ፣
ሦስት ቀን ሙሉ ግማሹን ነገርኩት፣ ግማሹን በሆዴ ይዤ።
መስመር አጠባበቁን፣ ‹ውጡ!› ሲባል መውጣቱን፣ ይህን አልደበቅኩም።
ነፋሱን ግን አልነገርኩትም።
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ከሐይቁ በኩል የሚነሳ ነፋስ አለ፣
ስንቱን ጎበዝ በባዶ አየር አዘልሎ፣ ኳሷን ከጀርባው የጣለ።
እኔ የተማርኩት በሁለት ጎል ነው፣ በአንደኛ ዓመቴ፤
እሱም በራሱ ጎል ይማር፣ አልኩ በአንጀቴ።

ሐሙስ። የመጨረሻው ሙከራ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።
ነፋሱ ደረሰ፣ ማሊያችንን ሲያርገበግብ።
ላቀው ከዋርካው ሥር ደብተሩን ገልጦ ተቀምጧል፤
ጎን ለጎን ቆመናል፤ የአንዳችን ስም ይጻፋል።
የወዲያው በረኛ ጠለዛት። ወጣች፣ ከታቦር ተራራ እኩል ሆነች፣
ልጁ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደ፣ ልክ እኔ ያኔ እንደሄድኩት፤ እሷም ነፋስ ያዘች።
ዝም ካልኩ፣ በቃ፤
አጥቂው ከኋላው እንደ ድመት ነቃ።
አፌ ግን፣ ‹ተው›ና ‹ውጡ› ሲል አራት ዓመት የከረመው፣
እኔን አላማከረም፦ ‹ተመለስ! ነፋስ ነው!›
ዞረ፤ ኳሷን በደረቱ አበረዳት፣
ቀና ብሎ አየኝና ወደ እግሬ ሰደዳት።

ዓርብ ስም ዝርዝሩ ተለጠፈ፣ ከዕቃ ክፍሉ በር፣
ዘመም ብሎ፣ ከ‹ማጨስ ክልክል ነው› ሥር።
በራሶ፣ የዲላው ልጅ፣ ሦስቴ አነበበው፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፤
ከዚያም ወረቀቱን ገለጥ አደረገ፣ ስሜ በጀርባው ትኖር እንደሆን ብሎ። የለችም።
አራት ቁጥር፦ ሌዳሞ።
እኔ ከሁሉ ግርጌ፣ ስድስተኛ፤
የመጨረሻ ዓመቴ ነው፣ ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም ለማንም አልነገርኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ።

እሑድ። አሥራ አምስት ቁጥር ለብሼ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አለሁ፣
ጨርቁ አዲስ ነው፣ ያሳክካል። ዘጠኝ ሲሆን ቅጠሉን ሰማሁ።
አፌን ሳልከፍት፣ ከሜዳው መሃል አንድ ድምፅ ወጣ፣
በዳዬ ቅላፄ፦ ‹ተመለሱ! ነፋስ መጣ!›
ላቀው ዞር አለና፣ ‹ይሄን ማን ነገረው?› አለኝ።
ጉልበቴን እያሸሁ፣ ‹እንጃ፣ ሐይቁ ይሆናል› አልኩት።
ሊዘንብ ነው መሰለኝ።